ከለገሃር እስከ ምጽዋ፦ ያልተጻፈው የባሕር ልብ ወለዳችን

ባሕር ከየት ይጀምራል? ለዛሬ የአዲስ አበባ ልጅ ጥያቄው ቀልድ ሊመስል ይችላል። ለአያቶቻችን ግን መልሱ ቀላል ነበር፤ ባሕር የሚጀምረው ከለገሃር ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባበት ከ1917 ጀምሮ እዚያ ጣቢያ ተሳፍሮ 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ የወረደ ሰው መጨረሻው ጅቡቲ፣ ጨው ውኃው ዳር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ባቡሩ ከለገሃር አይነሳም። ባሕሩ ግን ከሰፈሩ ጨርሶ አልወጣም። በ1964 የተቋቋመው የመርከብ ድርጅታችን፣ «ጅግጅጋ»፣ «አሶሳ»፣ «መቀሌ» የሚል ስም ያላቸውን መርከቦች ባሕር ላይ ያሰማራው ማለት ነው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ለገሃር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ መርከብ ማዘዝ! ትንሽ ወደ ላይ ወጣ ስትሉ ደግሞ ካዛንቺስ አለች። ስሟ የመጣው «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው ነው፤ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ ቤት የሚሠራለት ተቋም ምኅጻረ ስም ነበር። እነዚያ ሠራተኞች በምን መጡ? በመርከብ፣ በስዊዝ ቦይ አድርገው፣ ምጽዋ ላይ ወርደው። ማለትም ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ በየቀኑ ታክሲ የምንጠብቅባቸው ሁለት ሰፈሮች ሳናውቀው የባሕር ታሪክ ተሸክመዋል።

እስቲ አሁን አንድ ፈተና ልስጣችሁ። ስለ ፍቅር የተጻፈ የአማርኛ ልብ ወለድ ጥሩ ብትባሉ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብላችሁ ሳትጨርሱ ሌላ አምስት ትደረድራላችሁ። ስለ ጦርነት ብትባሉ «ኦሮማይ» ትላላችሁ። ስለ መርከብና ስለ መርከበኛ ጥሩ ብትባሉስ? ምላስ ይያዛል። ሰዎቻችን በእግር፣ በበቅሎ፣ በአውቶቡስ፣ በኋላም በአውሮፕላን ይሄዳሉ። ማዕበል መትቶት፣ መርከቧ ተንገጫግጮ፣ አለቃውን ረግሞ፣ ወደብ ሲደርስ ደግሞ ባሕሩ የናፈቀው ጀግና ግን የለንም። ገጸ ባሕርያቶቻችን ባሕር የላቸውም።

«ታዲያ ባሕር የሌለው ሕዝብ ስለ ባሕር ምን ይጽፋል?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ግን ሌላው እንዴት እንደጻፈ እንይ።

ኖሮ የጻፈና አንብቦ የጻፈ

የባሕር ጀብዱ ልብ ወለድ የሚባለውን ዘርፍ ካቆሙት አንዱ ፍሬዴሪክ ማሪያት የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በ1806፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ ባሕር ኃይል ገባ። የመጀመሪያ አለቃው ሎርድ ቶማስ ኮክሬን ነበር፤ በድፍረቱ ጠላትም ወዳጅም የሚያወራለት ካፒቴን። ማሪያት በ1830 ከአገልግሎት ሲሰናበት ልጅነቱን ሙሉ ያየውን ጦርነት፣ ቅጣትና ቧልት እያነሳ ልብ ወለድ አደረገው። አሜሪካዊው ሄርማን ሜልቪልም እንዲሁ ነው። በ1841 በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ላይ ተቀጠረ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ «ሞቢ ዲክ» ወጣ።

ከሁሉ ግን ለእኛ የሚቀርበው ጆሴፍ ኮንራድ ይመስለኛል። ፖላንዳዊ ነው። በ1857 ሲወለድ አገሩ ተከፋፍላ ከካርታ ላይ ጠፍታለች፤ ባሕር ቀርቶ መንግሥት የላትም። ከባሕር ርቆ፣ ዛሬ ዩክሬን በሚባለው ምድር የተወለደ ልጅ ነው እንግዲህ በ1874 ማርሴይ ወርዶ መርከበኛ የሆነው፣ በ1886 የካፒቴንነት ማረጋገጫ የያዘው፣ ካደገ በኋላ በተማረው እንግሊዝኛ ዓለም እስከ ዛሬ የሚያነባቸውን የባሕር ታሪኮች የጻፈው። ስለዚህ «የባሕር ዳር ልጅ ያልሆነ አይጽፍም» የሚለው ሰበብ በኮንራድ ፊት አይቆምም።

ሌላም መንገድ አለ። በ2003 የወጣውን፣ ራስል ክሮው የተወነበትን «ማስተር ኤንድ ኮማንደር» ያያችሁ ትኖራላችሁ። ፊልሙ የተወሰደው ከፓትሪክ ኦብራያን ተከታታይ ልብ ወለዶች ነው፤ ሃያ መጻሕፍት ናቸው። ኦብራያን በባሕር ኃይል ያገለገለ ሰው አይደለም። ያደረገው ነገር ቢኖር የድሮ መርከቦችን መዝገብ፣ የካፒቴኖችን ደብዳቤና ማስታወሻ ማገላበጥ ነው። ዋና ገጸ ባሕርዩን ጃክ ኦብሪን የቀረጸውም በዚያው በማሪያት አለቃ፣ በኮክሬን ልክ ነው። ኮክሬን በ1801 «ስፒዲ» በምትባል ባለ 14 መድፍ መርከብ፣ 54 ሰው ይዞ፣ 32 መድፍና 319 ሰው የጫነች የስፔን መርከብ ማርኳል። ይህ ውጊያ በኦብራያን የመጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ የመርከቦቹ ስም ተቀይሮ ገብቷል።

እዚህ ላይ ሰንሰለቱን ልብ በሉ። መጀመሪያ ሰው ባሕር ላይ ኖረ። ቀጥሎ የመርከቡ መዝገብ ተጻፈ። ካፒቴኑ ሲያረጅ ማስታወሻውን አሳተመ፤ ኮክሬን ይህን ያደረገው ሊሞት ሲቃረብ ነው። መቶ ዓመት አልፎ ባሕር ኃይል ደጃፍ ያልረገጠ ደራሲ ያንን አንብቦ ልብ ወለድ አደረገው። ከመሐል አንዱ ቀለበት ቢበጠስ ኖሮ ራስል ክሮውም ሥራ ይፈታ ነበር።

ንጉሡን ያዳነው የነጋዴ ደብተር

የእኛ ሰንሰለት ደግሞ ድሮ አንድ ጊዜ ሠርቶ ያውቃል።

ወደ 525 ገደማ ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሒምያርን ሊወጋ ይዘጋጃል። የናግራን ሰማዕታትን ታሪክ የሚተርከው የግሪክኛ ገድል የመርከቦቹን ቁጥር ሳይቀር ይዘረዝራል፦ 15 ከአይላ፣ 20 ከክሊስማ፣ 7 ከዮታቤ፣ 2 ከበረኒቄ፣ 7 ከፈረሳን ደሴቶች፣ 9 ከሕንድ፤ በድምሩ 60። ንጉሡ ደግሞ 10 አሠራ። 70 መርከብ በአዱሊስ ወደብ! ያ ገድል ጠላት የባሕሩን መግቢያ በሰንሰለት ዘግቶት እንደነበር ሁሉ ያወራል። የትኛው የጀብዱ ደራሲ ነው ይህን አግኝቶ የሚተው?

በዚያው ሰሞን ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ነበር። ባሕር እያቋረጠ የሚነግድ ሰው ነው። የአዱሊስ ሹም በንጉሡ ትእዛዝ አንድ ሥራ ሰጠው፤ ከተማው ደጃፍ ባለው የድንጋይ ዙፋንና አጠገቡ ባለው ሐውልት ላይ የተቀረጸውን የግሪክኛ ጽሑፍ እንዲገለብጥ። ከባልንጀራው ጋር ገለበጠ፤ አንዱን ቅጂ ለሹሙ ሰጠ፣ አንዱን ለራሱ አስቀረ። ሲሸመግል መነኰሰና መጽሐፍ ጻፈ፤ ቅጂውንም በመጽሐፉ አስገባ።

ዙፋኑ ዛሬ የለም። ሐውልቱም የለም። በዙፋኑ ላይ ዘመቻዎቹን ያስቀረጸው የአክሱም ንጉሥ ድምፅ ለእኛ የደረሰው በአንድ ባሕርተኛ ነጋዴ ደብተር ብቻ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ብዕር፣ አንድ «ለራሴም ላስቀር» የሚል ሐሳብ። ታሪክ አንዳንዴ በዚህች ክር ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

ደራሲ ቢፈጥረው «አበዛኸው» የሚባል ታሪክ

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ዘለን ወደ አባቶቻችን ዘመን እንምጣ። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች። በ1955 የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ተመሠረተ፤ ዋና ሰፈሩ ምጽዋ። የኖርዌይ መኮንኖች መጥተው አደራጁት፣ አሠለጠኑት። አሥመራ ላይ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተከፈተ፤ ትምህርቱ 52 ወር የሚፈጅ፣ በዲግሪ የሚያስመርቅ። አስቡት፤ ታቦትና ደመራ፣ ጤፍና በቅሎ ያሳደገው የደጋ ልጅ ምጽዋ ሙቀት ውስጥ ቆሞ ከፊዮርድ አገር በመጣ መምህር የማዕበል ጠባይ ሲማር። የመጀመሪያው ምዕራፍ እኮ ራሱን በራሱ ጽፏል።

መርከቧስ? በ1962 አሜሪካ «ኦርካ» የምትባል መርከብ ሰጠች። ኦርካ በ1944 አገልግሎት ገብታ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በፊሊፒንስ ውኃ ላይ ራሳቸውን ከአውሮፕላናቸው ጋር የሚወረውሩትን የጃፓን አብራሪዎች ጥቃት ያየች ናት። ምጽዋ ስትደርስ ስሟ «ኢትዮጵያ» ሆነ። ሰንደቅ ተሸካሚ መርከብ ሆነች፣ የእጩ መኮንኖችም ማሠልጠኛ ሆነች። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ንጉሠ ነገሥቱ ይወርዳሉ፤ በቀዝቃዛው ጦርነት የተፋጠጡት አገሮች የጦር መርከቦቻቸውን ልከው አንድ ወደብ ላይ ጎን ለጎን ያቆማሉ። አሜሪካና ሶቪየት በአንድ ድግስ ላይ!

የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የንጉሡ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ነበሩ። አባታቸውን ራስ ደስታ ዳምጠውን ጣሊያን በ1937 ገደላቸው። ልጃቸውን ደግሞ ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከስልሳዎቹ ጋር ረሸናቸው። አባትና ልጅ፣ ሁለት ጥይት፣ ሁለት ዘመን።

ከዚያ ኖርዌይና አሜሪካ ወጥተው ሶቪየቶች ገቡ። መርከቡ፣ ሚሳይሉ፣ መምህሩ ሁሉ ሩሲያኛ ሆነ፤ እጩ መኮንኑ ወደ ሌኒንግራድ ይላክ ጀመር። በ1977 ማብቂያ ሻዕቢያ ምጽዋን ሲከብ የባሕር ኃይሉ ሰፈር ዙሪያውን በጨው መስኩ በሳሊና የተፋለሙት የሁለቱም ወገን ልጆች ናቸው። በየካቲት 1990 ሻዕቢያ በፈጣን ጀልባዎች ጭምር አጥቅቶ ምጽዋን ያዘ። በግንቦት 1991 አሰብም ስትያዝ የቀሩት መርከቦች ሰውና መሣሪያቸውን እንደያዙ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሸሹ፤ አብዛኞቹ ወደ የመን። በዚያ ዓመት ባሕር ኃይሉ ወደ 3,500 ሰው ነበረው።

መጨረሻውን ስሙት። «ኢትዮጵያ» መርከብ፣ የጃፓን አብራሪዎች ያላሰጠሟት፣ በ1993 ለቁራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች፣ የመንም የቀሩትን መርከቦች «ውጡልኝ» አለች። ወደ ጅቡቲ ሄዱ። እዚያም ሦስት ዓመት ያህል ወደብ አልባ ባሕር ኃይል ኖረን፤ መርከቦቹ ጅቡቲ፣ ዋና መምሪያው አዲስ አበባ። የወደብ ኪራይ ሳይከፈል ተጠራቅሞ ጅቡቲ በመስከረም 1996 መርከቦቹን ለጨረታ አወጣቻቸው። ከገዢዎቹ አንዷ ማን ነበረች? ኤርትራ፤ አራቱን ወሰደች። አንድ ደራሲ ይህን ከራሱ ፈጥሮ ቢጽፈው አርታኢው «አበዛኸው፣ ማን ያምንሃል» ይለው ነበር።

ታዲያ ለምን አልተጻፈም?

የእኔ መልስ ይህ ነው። ባሕር አጥተን ሳይሆን ሰንሰለቱ ከመሐል ተበጥሶ ነው።

ሰዎቹ ኖረውታል። ግን ማን በሰላም አርጅቶ ማስታወሻ ሊጽፍ ተቀመጠ? ከፊሉ በዘመን መለወጫው ተረሸነ ወይም ታሰረ፣ ከፊሉ ምጽዋ ቀረ፣ ከፊሉ በየመንና በሌላም አገር በስደት ተበተነ፣ ከፊሉ አገሩ ተመልሶ «የደርግ ወታደር» የሚል ስም ተለጥፎበት አፉን ዘጋ። ከተቋሙ አብዛኛው ንብረት ከወደቦቹ ጋር አብሮ ሄደ። ያየውን የጻፈ ሰው ምን እንደሚደርስበትም ያ ትውልድ ያውቃል። በዓሉ ግርማ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሥፍራው ላይ ሆኖ አይቶ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ መጽሐፉ ታገደ፣ እሱም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን የሰማ መርከበኛ ብዕር ቢፈራ ይፈረድበታል?

ሁለተኛው ምክንያት ቋንቋ ነው። አማርኛችን በ«ባሕር» የተሞላ ነው፤ ባሕር ነጋሽ የሚል ሹመት ነበረን፣ ዘመን የምንቆጥርበት ጥበብ ባሕረ ሐሳብ ይባላል፣ ጣናንም ሐይቅ ከማለት ባሕር ብለን ከተማውን ባሕር ዳር ብለነዋል። ነገር ግን የመርከቧን ገመድ፣ የማዕበሉን ዓይነት፣ የነፋሱን ስም በአማርኛ ተናገሩ ብንባል ቶሎ እንጨርሳለን። ቃሉን የፈጠሩት፣ ከዐረብኛው፣ ከትግርኛው፣ ከእንግሊዝኛውና ከሩሲያኛው ቀላቅለው በየመርከቡ ይነጋገሩ የነበሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው። እነሱ ሲሄዱ መዝገበ ቃላቱም አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብደኛል። ባሕር ተረት ሳይሆንልን ክርክር ሆነ። «ባሕር» ሲባል ዓሣው፣ ጨረቃው፣ የመርከበኛው ብቸኝነት አይመጣብንም፤ ወደብ፣ ታሪፍ፣ ኮንቴይነር፣ ድንበር ነው የሚመጣብን። በ2018 ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም ተነገረ፤ በ2019 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ በ2024 መጀመሪያ ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ደግሞ ቀንዱን ሁሉ አነጋገረ። ይህ ሁሉ የፖለቲካ ነገር ነው፤ ይከራከሩበት። ሥነ ጽሑፍ ግን ሌላ ነገር ያስችላል፤ የኔ ነው ሳትል ባሕርን መውደድ። ጥሩ የቀይ ባሕር ልብ ወለድ ቢጻፍ መርከቡ ላይ ያለውን የጎጃም ልጅ ብቻ አይዝም። በየካቲት 1990 በፈጣኗ ጀልባ የመጣውን የሳሕል ታጋይ፣ መሐል ላይ ቤቱ የፈረሰበትን የምጽዋ ዓሣ አጥማጅ፣ አብረው ተምረው በኋላ በሁለት ወገን የቆሙትን ጓደኛሞችም ይይዛል። ዘፈንና መፈክር ይህን መያዝ አይችሉም። ልብ ወለድ ይችላል።

ሰዓቱ እየሄደ ነው

ሒሳቡን እንሥራው። ኮሌጁ ሲከፈት በ20 ዓመቱ የገባ ወጣት ዛሬ በሕይወት ካለ ወደ 90 ይጠጋል። በ1991 በ20 ዓመቱ ከአሰብ የወጣው እንኳ ሃምሳዎቹን እያጋመሰ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አብዛኛው የድሮ ካዛንቺስ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ሄዷል። ስለ ልማቱ የየራሳችን ሐሳብ ይኖረናል። ቤት በጥድፊያ ሲለቀቅ ግን መጀመሪያ የሚጣለው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቁም ሣጥን አናት ላይ ያለችው አሮጌ ሻንጣ። ውስጧ ደብዳቤ፣ ነጭ የደንብ ልብስ የለበሱ ወጣቶች ፎቶ፣ ማንም የማያነበው ደብተር። ጡረተኞቹ በአንድ ሰፈር ሲኖሩ ጀበና ዙሪያ ቁጭ ብለው አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሰዋል። ሲበተኑ የሚያስታውስ የለም።

ስለዚህ የምለው «ዛሬውኑ ልብ ወለድ ጻፉ» አይደለም። ልብ ወለዱ ይቆይ፤ ኦብራያንም ከኮክሬን መቶ ዓመት ዘግይቶ ነው የመጣው። አሁን የሚያስፈልገው የኮስማስን ሥራ መሥራት ነው፤ መገልበጥ። ሁላችንም ኪስ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ አለ። በዘመድ፣ በጎረቤት፣ በዕድር፣ በባሕር ኃይል ወይም በንግድ መርከብ ያገለገለ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ሂዱና «አባባ፣ እስቲ ያጫውቱኝ» በሉ። ስለ ፖለቲካው አትጀምሩ። ጠይቁ፦ መጀመሪያ ባሕር ያዩ ቀን ምን መሰለዎት? መርከብ ላይ ምን ይበሉ ነበር፣ ጾምስ እንዴት ይጾሙ ነበር? ማዕበል ሲነሳ አለቃው ምን ብሎ ይጮህ ነበር? ያችን ገመድ ምን ብለው ይጠሯት ነበር? በ1991 ሌሊት ከአሰብ ሲወጡ ማንን ትተው ሄዱ?

የዛሬዎቹም አይረሱ። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ ወጥተው በውጭ የንግድ መርከቦች ላይ የሚሠሩ በእኛ ዕድሜ ያሉ መሐንዲሶች አሉ። ወራት ሙሉ ውኃ ላይ ናቸው፤ እናታቸውን በኔትወርክ መቆራረጥ መሐል የሚያናግሩ ልጆች። ከእነሱ መሐል አንዱ ኮንራድ ሊሆን ይችላል። ማስታወሻ እየያዛችሁ ከሆነ አትጣሉት፤ ካልያዛችሁ ዛሬ ማታ ጀምሩ።

በአማርኛ የመጀመሪያውን ትልቅ የባሕር ልብ ወለድ የሚጽፈው ሰው ምናልባት ገና አልተወለደም። ሲመጣ ግን የሚያገላብጠው ነገር ሊያገኝ ይገባዋል። ያንን የማስቀመጡ ተራ የእኛ ነው፤ ከእኛ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይኖርምና።